‹ቆ› የምትለዋ ፊደል

ሰኞ፣ ጁን 3

ዛሬም ዳንቴሉን ተረተርኩት። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። እስከ አራተኛው ረድፍ ደህና ይሄዳል፣ ከዚያ ጠርዙ መሸብሸብ ይጀምራል። ክሩ ራሱ ሰልችቶታል። ሲሠራ ሲፈታ፣ ሲሠራ ሲፈታ ሳስቷል።

ጠዋት የአክስቴን፣ የቴቴን፣ ጎመን አጠጣሁ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ሳድዛ፣ የበቆሎ ገንፎአችንን፣ አገነፋሁ። ቀሪውን ቀን የእናቴ የንድፍ ደብተር ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ብርድ ነው። የቩምባ ጉም ከተራራው ወርዶ እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈራችን ሳኩብቫ ውስጥ ተጎልቶ ነበር።

እስካሁን የገባኝ ይህ ነው። ሰ ሰንሰለት። አ አጭር ዓይን። ረ ረጅም ዓይን። ዝ ዝላይ፣ አንድ ዓይን ሳይነኩ ማለፍ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንቴ እንደሚሠራ ይናገራል። ሰ5 ካለ አምስት ሰንሰለት። ይህችን ለማወቅ አራት ቀን ፈጀብኝ። እናቴ ዳንቴል ስትሠራ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ታሪክና ጂኦግራፊ እሸመድድ ነበር። ኪሮሹን ላንሳ ስል "አንቺ አንብቢ፣ ይሄ ይደርሳል" ትለኛለች። አልደረሰም። ያለኝ እጇን እያየሁ የለቀምኩት ብቻ ነው።

አንዷ ቀረች። ቆ። ቁጥር የላትም። ረድፉ መሀል ድንገት ትመጣለች፦ ሰ3 ረ4 ዝ1 ረ4 ቆ። ቆ ምን?

ለምን እንደምደክም እዚህ ልጻፈው፣ ንዴቱ ይውጣልኝ። ባለፈው ረቡዕ በእናቴ ቦታ የተቀመጥኩበት የዳንቴል ማኅበር ሲሰበሰብ ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ቺጎዶራ ተነስታ "የሙሳሳ ቅጠል" የሚባለውን፣ በዛፉ ቅጠል አምሳል የተነደፈውን የአልጋ ልብስ በኦገስቱ የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ በስሟ እንደምታቀርብ ተናገረች። "ንድፉ የራሴ ነው" አለች። ተጨበጨበላት። ንድፉ የእናቴ ነው። እናቴ ከሞተች ገና አሥር ወሯ። ብድግ ብዬ ይህንኑ ተናገርኩ። ሌባ አልኳት። ደብተሩም በእጄ ነበር።

"ደብተሩን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ" አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። "እናትሽ እጅ ጽሑፏ ያምር ነበር፣ ነፍሷን ይማር። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የቤታችሁ ንድፍ ከሆነ እስቲ አንድ ገጽ አንብቢልን።"

ገለጥኩ። ማንበብ አቃተኝ። ሃያ ሁለት ሴት ፊት... ሦስት ትምህርት በከፍተኛ ውጤት አልፌ የመምህራን ኮሌጅ ጥሪ የምጠብቅ ሰው አምስት ፊደል ማንበብ አቃተኝ። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም።

ከማኅበሩ ተባረርኩ፣ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ። ማንም እንዳያናግረኝም ታዟል።

በአፌ "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ግን እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ቆ አጭር ዓይን አይደለችም። ሞከርኳት። ተሸበሸበ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ቴቴ የአባቴ እህት ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው እሳቸው ቤት ነው። አባባ ሻይ እርሻው ላይ ነው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚቆጣኝም የሚመክረኝም ቴቴ ናቸው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ውለው ሲመለሱ ሻሻቸውን እንኳ ሳይፈቱ ጀመሩ።

"ዶሮ እንገዛለን።"

"ለምን?"

"ለምን ትላለች! ትልቅ ሰው የሰደበ ዶሮ ይዞ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ እጁን አጨብጭቦ ይቅርታ ይላል። ሥርዓት ነው። እኔ አላወጣሁት።"

"አልሰደብኳቸውም። ሌባ ናቸው ነው ያልኩት።"

"እኮ። እሱ ነው ስድቡ።"

"እውነት ከሆነስ ቴቴ?"

ሻሻቸውን ፈቱ፣ አጠፉት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"እውነት ከሆነማ ዶሮ አይበቃም" አሉ። "ፍየል ነው የሚያስፈልገው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። መልእክት ተልኮባቸዋል ለካ፦ እስከ ጁላይ 10 ስብሰባ ይቅርታ ካልጠየቅኩ የእናቴ ስም ከማኅበሩ መዝገብ ይፋቃል። ከመሠረቱት አንዷ እሷ ናት። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የትርኢቱ ምዝገባ ይዘጋል፣ ንድፉም በቺጎዶራ ስም ገብቶ ይቀራል። ሰው አንዴ ከሞተ ሁለተኛ ይሞታል ማለት ነው?

ሠላሳ አራት ቀን አለኝ። ፊደሏን አውቄ፣ ቅጠሉን ሠርቼ፣ እነዚያው ሴቶች ፊት አነባለሁ። ዶሮ የለም።

እሁድ፣ ጁን 9

ቆጠርኩ። በአንድ ቅጠል ውስጥ ቆ አሥራ አንድ ጊዜ አለች። ሁልጊዜ ከረጅም ዓይኖች በኋላ። ረድፍ መጀመሪያ ላይ መጥታ አታውቅም። ስለዚህ ማዕዘን ማዞሪያ ናት? የቅጠሉ ሥር ናት? የሒሳብ ጥያቄ ቢሆን እስካሁን በፈታሁት። ሒሳብ ቢያንስ አይሸበሸብም።

ረጅም ዓይን አድርጌ ሞከርኳት። የወጣው ቅጠል አይደለም፣ ሰላጣ ነው። ቴቴ አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉትና በመስታወት አዩት።

"ለፋሲካ ይሆነኛል" አሉ።

"ይስጡኝ ቴቴ።"

"ተይው እንጂ። ሞቆኛል።"

የሚያናድደው፣ ይህን ቅጠል የሠሩ ሃያ ሴቶች እዚሁ ሰፈር አሉ። ግን እነሱም አያውቁትም። ማኅበሩ የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ ደብተር የያዘችው እናቴ ብቻ፣ ከፊት ተቀምጣ ትጠራለች፣ የቀሩት እየሰሙ ይሠራሉ። መዝሙር እንደሚመራ ሰው። ሦስት ሰንሰለት፣ አራት ረጅም፣ አንድ ዝለሉ... ሁሉም እጅ እኩል ይሄዳል። የሙሳሳው አልጋ ልብስ የተሠራው አንዴ ብቻ ነው፣ አምና ኤፕሪል ላይ። ድንበር ተሻግሮ ተሸጠ። ናሙና እንኳ አልቀረም። ትናንት ገበያ ውስጥ አንዷን በልመና ብጠይቃት ግራ ቀኝ አየችና "አፍ ሲጠራ እጅ ይሠራል ልጄ፣ ጆሮ ደግሞ ደብተር የለው" ብላኝ ሽንኩርቷን ይዛ ሄደች።

ቺጎዶራ ከጥሪው አንዱንም ሰምታ አታውቅም። እሷ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያለቀውን ለመሰብሰብ።

ሐሙስ፣ ጁን 13

ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስለ ዳንቴል ሁለት መጽሐፍ አላቸው። ሁለቱም የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምሕጻረ ቃላት ዝርዝር አላቸው፣ በሠንጠረዥ፣ በሥዕል፣ ሕፃን እንዲገባው ሆኖ። ይህ ፊደል ሲሆን ይህ ማለት ነው፣ ኪሮሹ በዚህ ይገባል፣ ክሩ በዚህ ይጠመጠማል። ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። የእናቴን ሰ፣ አ፣ ረ እና ዝ በትክክል ነው የፈታኋቸው። ቆን የሚመስል ግን የለም። አንድም።

ታዲያ አንቺስ እማዬ? አንድ ገጽ ምን ነበረበት? አንድ መስመር? ለራስሽ ብቻ ነው የጻፍሽው? ታመሽ ሦስት ወር ተኝተሻል፣ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። ስለ ኮሌጅ ትጠይቂኝ ነበር፣ ስለ ጫማዬ፣ ምሳ ስለ መብላቴ...

ያኔ ነው ቺጎዶራ ብርቱካን ይዛ የመጣችው። "ሴቶቹን ሥራ እንዳላስፈታ" ብላ ደብተሩን ተዋሰች። ሁለት ሳምንት አቆይታ መለሰች። እኔው ነኝ ከእጇ የተቀበልኩት። አመስግኛታለሁ። ብርቱካኑንም በልቻለሁ።

አርብ፣ ጁን 14

በሞተ ሰው መናደድ ይቻላል? ይቻላል።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ሚኒባስ ተራ ላይ ተገናኘን። ቺጎዶራ ከነጭ ጓንቷ ጋር። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ እጄን አጨበጨብኩ፣ ሰው ያያል።

"ኩንዳይ ልጄ፣ ከሳሽ እኮ።"

"ደህና ነኝ።"

"ቅጠሉን እየሞከርሽ ነው አሉ። ቴቴሽ እንደ ኮፍያ አድርገውት ታዩ።"

ሰልፉ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን ዋጡ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከዚያ... ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። ሰው ሲጠማ ከጠላቱም እንስራ ይጠጣል።

"እርስዎ ካስጻፏት ይንገሩኝ። ቆ ምንድን ናት?"

ጓንቷን አስተካከለች።

"ድርብ ረጅም ናታ! ክሩን ሁለቴ ጠምጥመሽ የምታወጪው። ይሄን ሳታውቂ ነው ሌባ ያልሽኝ?" ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ከውስጥ ደግሞ "ዶሮዋ ጥቁር ባትሆን ደስ ይለኛል" አለች።

ረቡዕ፣ ጁን 19

ድርብ ረጅም አድርጌ ሠራሁት። አሥራ አንዱንም።

ከሰላጣው የባሰ። ጠርዙ እንደ ተቆጣ ዶሮ ላባ ቆሟል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ ተኮስኩት፣ ለጊዜው ተኛ፣ ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ ተነሳ። አየሁት። እየተነሳ አየሁት።

ዋሸችኝ? ወይስ እሷም አታውቅም?

ሰኞ፣ ጁን 24

አምስት ቀን ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ረድፍ አንድ፣ ረድፍ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ተርትሪ።

ዛሬ ሰሃን ሳጥብ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ አልሄድ አለኝ። ንድፉ እውነት የቺጎዶራ ቢሆንስ? እናቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማረችው። ይህን ሁሉ ቁጥር ከራሷ አወጣችው? እኔ የተማርኩት ልጇ ማንበብ ያቃተኝን እሷ ፈጠረችው?

ሰሃኑን አስቀመጥኩት። አፈርኩ። ሃያ ሁለት ሴት ሲስቅብኝ ይህን ያህል አላፈርኩም። ይህችን ሐሳብ የጻፍኳት እንዳልረሳት ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 27

አገኘኋት። ፊደሏን አገኘኋት። በሥርዓት ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ የታፋራ እናት መጡ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ናቸው፣ ከእናቴ ጎን ይቀመጡ የነበሩት። ሳንቃ ፋብሪካ ሲሠሩ መጋዝ ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት ወስዶባቸዋል፣ ኪሮሹን በሦስቱ ነው የሚይዙት። የተቀቀለ ስኳር ድንች በሰሃን ይዘው፣ በዋናው በር፣ በጠራራ ፀሐይ ገቡ።

"እንዳያናግሩኝ አልተባሉም?" አልኩ።

"እኔ ልሠራ ነው የመጣሁት። ማውራት የፈለገ ያውራ።"

ተቀመጡ። ክርና ኪሮሻቸውን ከጉያቸው አወጡ።

"በይ ጥሪልኝ።"

"ምን ልጥራ? አላውቀውም እኮ!"

"የተጻፈውን ጥሪው። እኔ ፊደል አላውቅም፣ ጥሪ ነው የማውቀው። አንቺ ደግሞ ፊደል እንጂ ጥሪ አታውቂም። ከሁለታችን አንድ ሰው ይወጣ ይሆናል።"

ጠራሁ። ሦስት ሰንሰለት። አራት ረጅም። አንድ ዝላይ። አራት ረጅም። ቆ ላይ ስደርስ ምን እንደምል ጠፋኝና ፊደሏን ራሷን "ቆ..." አልኩ።

እጃቸውን አቆሙ።

ጠበቅኩ። እሳቸውም ጠበቁ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ክር ትንሽ ፈታ አደረጉ፣ ሦስቱን ጣቶች ዘረጉ፣ ጨበጡ።

"ምን ሆኑ?"

"ምን ሆንኩ?"

"ለምን አቆሙ?"

"ቆዩ ስትይ ነዋ። እናትሽ እዚህ እዚህ ጋ ስትደርስ ቆዩ ትል ነበር። እስክትቀጥዪ እየጠበቅኩ ነው።"

ደብተሩን አየሁት። ቆ። ቆዩ። ዓይን አይደለችም። ምንም አይደለችም። በዚያ ቦታ ምንም አይሠራም... እኔ አሥራ አንድ ቦታ ላይ የሌለ ነገር ስጨምር ነው የከረምኩት፤ ጠርዙ ከመጠኑ በላይ ሰፍቶ ነው የሚሸበሸበው።

"ለምን ነበር ቆዩ የምትለው?" አልኩ።

ኪሮሹን አገላበጡት።

"ረጅም ዓይን ሲደጋገም እጄ አይደርስም። ሌሎቹ ይቀድሙኛል። ሃያ ሴት ሲጠብቅሽ ደግሞ... እናትሽ ቆዩ ትልና ወደ መስኮት ታያለች። 'ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?' ትላለች። አንዳንዴ ታስላለች። አንዳንዴ መነጽሯን ትጠርጋለች። እኔ እደርሳለሁ። ትቀጥላለች። ለኔ መሆኑን እንዳላውቅ ነበር።"

"ያውቁ ነበር?"

"በኦክቶበር ዝናብ፣ በጁን ዝናብ፣ ሁልጊዜ ዝናብ ሊመጣ ይችላል? አውቅ ነበር እንጂ። ግን ከነገርኳት ታፍራለች ብዬ ተውኩት። ስኳር ድንቹን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

አርብ፣ ጁን 28

ቅጠሉ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ተኛ። ሳይተኮስ፣ ሳይወጠር፣ እንደ ፈሰሰ ውሃ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ።

አለቀስኩ፣ ስለተሳካልኝ ግን አይደለም። ቆዩ የምትለውን መጻፍ ለምን አስፈለጋት? በቃል ልትላት ትችል ነበር። ግን ብትረሳትስ? አንድ ቀን ቸኩላ ብትዘላትስ? ከሰንሰለቱ እኩል፣ ከረጅሙ ዓይን እኩል ጻፈቻት። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም ነበር። ለታፋራ እናት የምትጠብቀውን ያህል እኔ እሷን ጠብቄያት አላውቅም። "እማዬ ቶሎ በዪ፣ ፈተና አለኝ።"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ቴቴ ዶሮ ገዝተው መጡ። ጥቁር።

"አልወስድም" አልኩ። "ቅጠሉን አላዩትም እንዴ? አነበዋለሁ ነገ።"

"አየሁት። ቆንጆ ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ አንቺ ቅጠልሽን ያዢ፣ እኔ ዶሮዬን እይዛለሁ። ልጅ ትክክል ስትሆን ነው ይበልጥ የሚፈራላት።"

ተጣላን። እራት ሳንነጋገር በላን። ዶሮዋ ወጥ ቤት ታስራ ስታጉረመርም አመሸች።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

እንዲህ ነው የሆነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቺጎዶራ የአልጋ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች፣ ነጭ፣ ስታርች ጠጥቶ የሚያበራ። ለብቻዋ ነው ቤቷ የሠራችው፣ ለማንም አላሳየችም ነበር። ቴቴ ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው በር አጠገብ ቆሙ። ሁሉም መጀመሪያ ያየው ዶሮዋን ነው።

ጠረጴዛው ፊት ሄጄ ተንበረከክኩ። ለሰላምታ፣ ትልቅ ሰው ናት፣ ሰላምታ አልከለክላትም። እጄን አጨበጨብኩ። ሴቶቹ ይቅርታው መጣ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። ያኔ አየሁት። ተንበርክኬ ዓይኔ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲተካከል። ከላይ ለቆመ ሰው አይታይም። የቅጠሎቹ ጫፍ ሁሉ ታጥፎ ታጥፎ በስታርች ተጨፍልቋል። ሽብሽቡን ተኩሳ አጣጥፋዋለች። አሥራ አንዱንም እጥፋት አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ወር ሙሉ ስተረትራቸው የከረምኩት ናቸው።

አልዋሸችኝም ለካ። የምታውቀውን ነው የነገረችኝ።

"ይቅርታሽን እየሰማን ነው" አለች።

"አንድ ልመና አለኝ" አልኩ። "ንድፉን ያስጻፉት እርስዎ ነዎት። ሴቶቹ ክርና ኪሮሽ ይዘዋል። አንድ ቅጠል ይጥሩልንና ሁላችን እንሥራ። ከዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"ጊዜ የለንም።"

"የታፋራ እናትን ካልጠበቅን ቶሎ ያልቃል" አለች አንዷ ከኋላ። ተሳቀ። ሌላዋ ክሯን አውጥታ ነበር። ሌላዋም። ቺጎዶራ ዙሪያውን አየች፣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የእናቴ ገጽ፣ በቺጎዶራ እጅ ጽሑፍ ተገልብጦ።

ጠራች። ደህና ድምፅ አላት። ሦስት ሰንሰለት፣ አራት ረጅም፣ አንድ ዝለሉ፣ አራት ረጅም፣ ድርብ ረጅም። አላቋረጠችም። ሁለተኛው ረድፍ። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ የሮናልድ እናት ሥራዋን ከፍ አድርጋ አየችው።

"የኔ ብቻ ነው ወይስ የናንተም ጎመን እየሆነ ነው?"

"የኔማ ጆሮ አብቅሏል።"

"እጃችሁ ጠብቆ ነው" አለች ቺጎዶራ። "ላላ አድርጉት።"

"አምና እኮ እንዲህ አልሆነም" አለች ሌላዋ። "አምና ተኝቶ ነበር።"

የታፋራ እናት ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ኪሮሹን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ አልደረስኩባችሁም" አሉ። "የኩንዳይ እናት ስትጠራ እደርስ ነበር።"

ተነሳሁ። ደብተሩን ከፍቼ ጠራሁ፣ ከመጀመሪያው። አራት ረጅም... ቆዩ። ወደ መስኮት አላየሁም። አላሳልኩም። የታፋራ እናትን አየሁ፣ ሲደርሱ ቀጠልኩ። ሁለተኛው ቆዩ ላይ አንዲት ሴት ራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ከልማድ፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ በአንድ እያስታወሱ ሲመጡ አየሁ። ድምፁን ነው ያስታወሱት፣ ዝናቡን።

አምስተኛው ረድፍ ሲያልቅ ሥራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ተኛ። ሁሉም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዩ። የሮናልድ እናት ሄዳ አንዱን እጥፋት በጥፍሯ አነሳችው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ወይዘሮ ቺጎዶራ" አልኩ፣ "ቆ ማለት ቆዩ ማለት ነው። ቢያስጻፏት ኖሮ ያውቁት ነበር።"

ዶሮዋ ያኔ ጮኸች። ማንም አልሳቀም።

ቺጎዶራ የአልጋ ልብሱን ሰበሰበች። በሥርዓት፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘች፣ ስድስት ጊዜ አጠፈችው። "መጥራት ማለት መንደፍ አይደለም" አለች። "አዳራሹን ልዘጋ ነው፣ ውጡ።" ቁልፉ በእጇ ነበር። ወጣን።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ድል ይህ ከሆነ ምን ያናድደኛል?

ይቅርታ አላለችም። ከትርኢቱ ወጥታለች፣ የአልጋ ልብሱ "ለምራቴ ነው" ብላለች አሉ። አዳራሹ ተቆልፏል። ግማሾቹ ሴቶች እኔን ነው የሚወቅሱት፣ "አሁን የት ልንሠራ ነው? አፍሽን ብትይዢ ኖሮ" እያሉ። እነዚያው ናቸው ከሳምንታት በፊት የሳቁብኝ። ጠዋት አንዷ ውሃ ልትቀዳ መጥታ፣ "እውነትሽን ነበር፣ ግን ሴትዮዋን ማዋረድ ምን ነበረበት" አለችኝ። እኔ ስዋረድ ባልዲዋን ይዛ የት ነበረች?

ቴቴ ከሰዓት ላይ ዶሮዋን ይዘው ወጡ። ቺጎዶራ ጋ ሊሄዱ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ወዴት ነው ቴቴ?"

"የታፋራ እናት ጋ። ግቢዋ ሰፊ ነው፣ ማኅበሩን ልታስቀምጠው ትችላለች። ባዶ እጅ አይጠየቅም።"

አርብ፣ ጁላይ 12

ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል። አሥራ አራት ሴቶች በስማቸው ፈርመው ላኩኝ፣ ስምንቱ አልፈረሙም። ከታፋራ እናትና ከሮናልድ እናት ጋር ትርኢቱ ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ማስቲካ ያኝካል። ቅጹን ሰጠኝ። ሠሪ ለሚለው ማኅበሩን ጻፍኩ። አልጋ ልብሱ በኦገስት መጨረሻ ይደርሳል፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ እጠራለሁ። ከታች የንድፉ ባለቤት የሚል መስመር አለ።

"በሕይወት የሌለ ሰው ይገባል?" አልኩት።

"ሽልማት አይቀበልም እንጂ ስሙ ይገባል። ማን ልበል?"

"የኩንዳይ እናት" አሉ የታፋራ እናት ቶሎ ብለው።

"እሱ ስም አይደለም እማማ።"

"ሁላችን የምንጠራት በሱ ነው።" ወደ ሮናልድ እናት ዞሩ። የሮናልድ እናት ትከሻዋን አነሳች። የታፋራ እናት እኔን አዩኝ። ዘጠኝ ዓመት ጎኗ ተቀምጠዋል። "ማን ነበር ስሟ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ነገርኳቸው። አንዴ በአፋቸው ደገሙት።

"ቦታዋ ጠባብ ናት" አለ ጸሐፊው። "የመጀመሪያዋን ፊደል አድርጊና የአባት ስም ጨምሪ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ራቪሮ ማፉታ ብዬ ጻፍኩ፣ በሙሉ። የመጨረሻዋ ፊደል ከሳጥኑ መስመር አለፈች። አላሳጠርኩትም።